የማታዋ ክኒን

«ውሃ ጨምሪልኝ፣ ሀስኒ።»

እትዬ ሠርኬ ጣሳውን ዘረጉ። ሀስና ከጠዋት ጀምሮ ጆጉን ሁለት ጊዜ ሞልታዋለች፤ አብዛኛውን የጠጡት እሳቸው ናቸው። እናቷ ሀያቱ ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሴቶቹ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ፣ ወንዶቹ ደጅ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። ከታች ከምናለሽ ተራ የቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ መዶሻ ይሰማል። ሀስና እንቅልፍ ስላጣች ድምፁ ከውሃ ሥር የሚመጣ ይመስላታል። የሚገባው ሁሉ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ይላታል፤ «አሚን» የሚለው ቃሏ ከአፏ ወጥቶ ኮርኒሱ ሥር ሲንሳፈፍ ታየዋለች።

«አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ!» አለች አክስቷ ሐጀራ። «ሐዘንተኛ ውሃ አይቀዳም።»

«ማን ይቅዳ ታዲያ?»

«ምላስሽ የእናትሽ ነው፤ እሱ እንኳ አልተቀበረም።»

አንዳንዶቹ ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ሀያቱ ምናለሽ ተራ ሃያ ዓመት ነግዳለች። ያለቀ ጎማ በረባሶ፣ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ኩራዝ ሲሆን እያየች ነው ያረጀችው። «እዚህ የሚጣል የለም፤ ሥራ የሚቀይር ነው ያለው» ትል ነበር። ሀስና ዓይኗን ስትከድን እናቷ ከጎማ ክምር ላይ ተቀምጣ ትታያታለች። በእጇ የነካችው ሁሉ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ጎማው ጫማ፣ ጫማው ወፍ፣ ወፉ ደግሞ ተመልሶ ጎማ።

በዚያው ሕልም መሰል ነገር ውስጥ የዛሬ አምስት ወሩ ምሳ ትዝ አላት። የእናቷ የጡት ካንሰር ወደ ብብቷ ከተዛመተ በኋላ ነው፤ ለጨረር ሕክምና ተራ እየጠበቀች ነበር። ሸማ ተራ የሚነግዱት ጎረቤታቸው እትዬ ሠርኬም አብረው ቀርበዋል። ሀስና ከፋርማሲ ትምህርት ቤት ከተመረቀች ገና ዓመቷ ነው፤ ያነበበችውን ሁሉ ካልተናገረች አያስችላትም።

«የስኳር መድኃኒት ለካንሰርም ይሆን እንደሆነ እያጠኑ ነው» አለች እያላመጠች።

«የቱ? ይቺ እኔ የምውጣት?» አሉ እትዬ ሠርኬ።

«አዎ፣ ሜትፎርሚን። ግን ገና ነው። እሱን የሚወስዱ ሰዎች ካንሰር ያነሰባቸው ይመስላል፣ ይኸው ነው። የቀረው ላብራቶሪ ውስጥ አይጥ ላይ የተሞከረ ነው።»

«ጎማ ነዋ!» አለች እናቷ። «ያረጀ ነገር አዲስ ሥራ ሲይዝ የምናውቀው እኛ ነን። እናንተ አይጥ ጠይቁ።»

ሦስቱም ሳቁ። ሀስና እጇን ታጥባ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ ነገሩንም ረሳችው።

አሁን ጣሳውን ስታቀብል የእትዬ ሠርኬን ግራ እግር አየች። አውራ ጣታቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እግርዎ ምን ሆኖ ነው?»

«ጫማ ልጦኝ ነው።»

«መቼ?»

«ከመስቀል በፊት።»

«እስካሁን?» ሀስና ድንገት ነቃች። ውሃው፣ ቁስሉ፣ የከሳው ፊታቸው። «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?»

«እንዴታ።»

«ጠዋትም ማታም?»

«የጠዋቷን።»

«የማታዋስ?»

እትዬ ሠርኬ ሀያቱ ትተኛበት ወደነበረው፣ አሁን ተጠቅልሎ ወደቆመው ፍራሽ አዩ።

ሐጀራ ትሪ ይዛ መጣች። «ሠርኬ፣ ሥጋ ያልነካው ያንቺው ምስር ነው። ያመጣሽውን ራስሽ ካልበላሽ መርዘሽዋል እላለሁ።» ትሪውን አስቀምጣ ወደ ሌሎቹ አለፈች።

«የማታዋን እናትሽ ነበረች የምትውጣት» አሉ እትዬ ሠርኬ በሹክሹክታ። «አንዋር መስጊድ የመግሪብ አዛን ሲል በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ እመጣለሁ። ‹ጎማዬን አመጣሽ?› ትለኛለች። ስቀን ትውጣለች።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አስምላኝ! ‹አይጥ ነሽ እንዴ ብላ ትቆጣኛለች› አለች።»

ሀስና እናቷ ማታ ማታ ስታስታውክ ጀርባዋን የያዘችበትን ጊዜ አስታወሰች። በሽታው ነው ብላ ነበር። ክኒኑም ይሆናል። አሁን መለየት አይቻልም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ እትዬ ሠርኬ። ከንፈራቸው ደርቋል። «ሁለቱንም ብሰጣት ኖሮ ትተርፍ ነበር? እኔ ለነፍሴ ሳስቼ የጠዋቷን አስቀረሁ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያቺው የጠዋቷ ክኒን ናት የምታቃጥለኝ።»

ሀስና መቆጣት ፈለገች። በአንድ መድኃኒት ሁለት ሴቶች ተጎድተዋል! ግን መልሱ ልክ ካልሆነ እኚህ ሴትዮ የጠዋቷንም ይተዋሉ።

«አትተርፍም ነበር» አለች። «መድኃኒቱ ለካንሰር ይሥራ አይሥራ ገና ማንም አያውቅም። የእሷ በሽታ ደግሞ ርቆ ሄዶ ነበር። አሥር ቢሰጧትም ያው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በምሳ መሃል ጀምሬ ሳልጨርስ የሄድኩት።»

«አንቺማ ጨርሰሽ ነበር። ያልሰማነው እኛ ነን።»

«ነገ ጤና ጣቢያ እወስድዎታለሁ።»

«ነገ እኮ ሦስተኛ ቀኗ ነው! ሐዘንተኛ ከቤት ይወጣል?»

«ታዲያ ቁስሉን ‹ሦስተኛው ቀን ይለፍና ና› ይበሉት።»

የመግሪብ አዛን ተሰማ። መዶሻዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። የእትዬ ሠርኬ እጅ ሳያስቡት ወደ ነጠላቸው ጫፍ ሄደ፤ እዚያ ትንሽ ቋጠሮ ነበረች። ዛሬም ቋጥረው መጥተዋል። ደንግጠው በመዳፋቸው ሸፈኗት።

ሀስና ተንበረከከች። ከምስሩ በእንጀራ ጠቅልላ አነሳች።

«መጀመሪያ ይጉረሱ። በባዶ ሆድ አይዋጥም።»

እትዬ ሠርኬ ጎረሱ፤ ለረጅም ጊዜ አላመጡ። ሀስና መዳፋቸውን ገለጥ አድርጋ ቋጠሮውን ለመፍታት ታገለች፤ እምቢ ሲላት በጥርሷ ፈታችው። ነጯን ክኒን መዳፋቸው ላይ አኖረች፣ ጣሳውንም አቀበለቻቸው።

«ጎማዎን ይዋጡ።»

ዋጡ። ሀስና የነጠላውን ጫፍ አልለቀቀችም። ቋጠሮው የነበረበት ቦታ ተጨማድዶ ቀርቷል። ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በአውራ ጣቷ ደጋግማ ታሸው፣ ታቃናው ጀመር።