ቅጣት የተነፈጋት ልጅ

በጆሃንስበርግ ከተማ እንደ ትህትና እንግሊዝኛ የሚናገር የሐበሻ ልጅ አልተወለደም፤ ቢወለድም ገና ጥርስ አላወጣም። ይህን የምትለው ራሷ ትህትና ናት። እናቷ ሰላማዊት ጀፕስታውን በሚባለው ሰፈር ብርድ ልብስ ትሸጣለች፤ ጠንከር ያለ ደንበኛ በስልክ በደወለ ቁጥር «እንኪ፣ አናግሪልኝ» ብላ ለልጇ ታቀብላለች። ትህትናም አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀና አድርጋ እንግሊዝኛውን እንደ ሬዲዮ ታንቆረቁረዋለች። ድምፅዋን በስልክ የሰማ ሁሉ «ማዳም» ይላታል። ሱቁ ድረስ መጥቶ ሲያያት ግን አንገቱን አስግጎ ከኋላዋ ማዳሟን ይፈልጋል። ትህትና ይህን እንደ ሜዳልያ ነው የምታወራው።

እንግዲህ በዚያ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ፓስተር ማናሴ ማስታወቂያ ሊናገሩ ማይኩን ሲጨብጡ፣ ትህትና የብሌዘር ኮቷን ቁልፍ ቆልፋ፣ ከንፈሯን በምላሷ አርጥባ፣ ግማሽ ቂጧን ከወንበሩ አንሥታ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምትማርበት ትምህርት ቤት ድሮ የነጮች ብቻ ነበር። አሁን ተማሪው አብዛኛው ጥቁር ሆኗል፤ ሕጉ ግን ይህን ገና አልሰማም። በግቢው ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ሲያወራ የተያዘ ተማሪ ጓደኞቹ ወደ ቤት ሲሄዱ እሱ ቅጣት ክፍል ይቀራል። ዙሉ ያወራ ይቀጣል፣ ሶቶ ያወራ ይቀጣል። የነጮቹን ቋንቋ አፍሪካንስን ሲያወሩ የሚውሉት ልጆች ሲቀጡ ግን ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረን። የታሪክ አስተማሪዋ ሚስ ማቡዛ «ይሄ ሕግ መነሣት አለበት» ብላ ወላጆችን አሰባስባ ኮሚቴ አቋቋመች። ከሐበሻ ወላጆች በኩል ፓስተር ማናሴ ገቡበት፤ ከጉባኤያቸው ብዙ ልጅ እዚያ ይማራላ። ሐሙስ ከሰዓት የትምህርት ቤቱ ቦርድ ኮሚቴውን ሊሰማ ነው። ከሐበሻ ተማሪዎችም አንድ ሰው ይናገራል። አንድ ሰው! እና ከትህትና ሌላ ማን ሊሆን ነው?

«ሐሙስ ቀን ስለ ልጆቻችን የምትናገረው» አሉ ፓስተር፣ «ኤርጎጌ ናት። በጸሎት አስቧት።»

ትህትና የተነሣውን ቀስ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው።

ኤርጎጌ! ከዱራሜ ከመጣች ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት! ዳቬይተን በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሉት በአጎቷ በዱባለ ትንሽ ሱቅ ጓሮ የምትኖር፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በብረት ፍርግርግ እያሾለከች ዳቦና የስልክ ካርድ የምትሸጥ! እንግሊዝኛዋ እንደ ቆሎ ነው፣ አንድ አንድ ፍሬ። ዙሉ ላይ ግን ማንም አይችላትም። ሳሙና ተወደደ ከሚሉ እማወራዎች ጋር ስትጨቃጨቅ የተማረችው ስለሆነ ስድቡም ምርቃቱም አብሮ ገብቷል።

«እማዬ፣ ወንድና ሴት እንኳ በእንግሊዝኛ ለይታ አትጠራም እኮ!» አለች ትህትና ወደ እናቷ ጆሮ ተጠግታ።

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!»

ጉባኤው ሲበተን ፓስተርን በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«ፓስተር፣ ለምን እሷ?»

ፓስተር ሣቁ። «አየ ትህትና! እሷማ ስትቀጣ ነው የከረመችው። አንቺ ተቀጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ? በፍጹም!» አለች ደረቷን ነፍታ።

«አየሽ ልጄ። ድምፅ ያለው ይዘምራል። ምስክርነት ያለው ነው የሚመሰክረው።»

ምነው ሌላ ቃል በመረጡ! ምስክርነት የትህትና የቆየ ቁስል ነው። በእነሱ ጉባኤ ማይክ ማን እጅ እንደሚቆይ የታወቀ ነው። ሲጠጣ ኖሮ የተወ፣ ሐኪም ተስፋ ቆርጦበት የተፈወሰ፣ በሞያሌ በኩል ጫካ ለጫካ ሲመጣ ጅብ ያባረረው፣ እነዚህ ሲመሰክሩ ሰዓት የሚያይ የለም፤ አሜን ነው፣ እልልታ ነው፣ ጭብጨባ ነው። ትህትና ደግሞ በአማኝ ቤት ተወልዳ፣ በአማኝ ቤት አድጋ፣ አንዲት የምታስጨበጭብ ኃጢአት እንኳ የላትም። ባለፈው ዓመት ተነሥታ «ጌታ በፈተና ረድቶኛል» ስትል ሰው እንቅልፉን ነው የቀጠለው።

በመኪና ወደ ቤት ሲመለሱ ቅናቱ ጉሮሮዋን እንደ ሚጥሚጣ ይለበልባት ጀመር። ኤርጎጌ በቆሎ ፍሬዋ ቦርድ ፊት! ኤርጎጌን ሚስ ማቡዛ ስታቅፋት! እናቷ በመስታወቱ አይታት «ምን ሆነሻል፣ ፊትሽ በርበሬ መሰለ» አለቻት።

«ምንም» አለች ትህትና። በልቧ ግን መንገዱን አግኝታለች። ምስክርነት የሚገኘው በመቀጣት ከሆነ መቀጣት ነዋ! ሐሙስ ገና ነው።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ምክትል ርእሰ መምህሩ ሚስተር ኮትዜ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ኮሪደሩ ላይ ሲንጎራደድ አየችው። ሄዳ ፊት ለፊቱ ተገተረች። አማርኛ ልትናገር አፏን ስትከፍት ግን ምን እንደምትል አላሰበችበትም ነበር። የመጣላት የእናቷ የሱቅ ወሬ ብቻ ሆነ።

«ብርድ ልብስ!» አለች ጮክ ብላ። «ባለ ሁለት ፊት ብርድ ልብስ! ይኼ ወፍራሙ ነው የኔ እናት፣ ቢታጠብ አይለቅ፣ ቢለበስ አይሳሳ! ንኪው እስቲ፣ መንካት በነጻ ነው!»

ሚስተር ኮትዜ ቆመ። ትህትና ዐይኗን ጨፍና ቅጣቷን ጠበቀች።

«እንዴት ያምራል!» አለ ሚስተር ኮትዜ። «ግጥም ነው?»

ዐይኗን ገለጠች። ሰውየው ጥርሱ ሁሉ ታይቷል።

«አማርኛ ነው ሰር» አለች በዚያ በሬዲዮ እንግሊዝኛዋ። «በግቢው ሕግ የተከለከለ ነው።»

«ኧረ ተዪው! ጥንታዊ ቋንቋ እኮ ነው! ለሰላምታ ምን ትላላችሁ?»

«ሰላም።»

«ሻሎም!»

«ሰላም፣ ሰር።»

«ድንቅ ነው፣ ድንቅ!»

ይህን ጊዜ ኤርጎጌ በአጠገባቸው ስታልፍ የክፍል ጓደኛዋን ዝቅ ባለ ድምፅ በዙሉ እስክሪብቶ ለመነቻት። ለራሷ እንኳ በቅጡ የማይሰማ ልመና ነበር። የሚስተር ኮትዜ አንገት ግን እንደ በር ማጠፊያ ዞረ። ያ ሁሉ ጥርስ የት እንደገባ አልታወቀም።

«አንቺ! ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ይሄ ገበያ አይደለም! ዛሬም ቅጣት ክፍል!»

ትህትና ዘላ መካከል ገባች።

«ሰር! እኔም እኮ አውርቻለሁ! ከእሷ ይበልጥ ጮኼ!»

«አንቺማ የኛ ኮከብ ነሽ» አለና ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ኤርጎጌ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «ምን ሆነሽ ነው ኮሪደር ላይ ብርድ ልብስ የምትሸጪው?»

«ምን አገባሽ!» አለች ትህትና። እንባዋ መጥቶ ነበር። ያ ቅጣት የእሷ ነበር። ሳንባዋ እስኪወጣ ጮኻ ያመጣችውን ቅጣት ያቺ ልጅ በሁለት የሹክሹክታ ቃል ነጥቃት ሄደች።

በቀጥታ ሚስ ማቡዛ ክፍል ገባች። ሚስ ማቡዛ ደብተር እያረመች ነበር። ትህትና ቁጭ ሳትል አፈሰሰችው፦ እንዴት እንደ ጮኸች፣ እንዴት «ድንቅ» እንደ ተባለች፣ እንዴት ያቺ ማንም ሳይሰማት ሹክ ብላ እንደ ተቀጣች፣ ይህ ፍትሕ ነው ወይ፣ ፓስተርስ ምን ይሉታል፣ እሷ ምን አጥፍታ ነው የማትቀጣው።

ሚስ ማቡዛ መጀመሪያ ልትሥቅ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እስቲ ድገሚልኝ። ቀስ ብለሽ።»

ደገመችላት።

«ይህን ሐሙስ ቀን ቦርዱ ፊት ትናገሪዋለሽ? ልክ አሁን እንደ ነገርሽኝ?»

«እኔ? ከኤርጎጌ ጋር?»

«ከእሷ በኋላ።»

ትህትና ከዚህ ሁሉ የሰማችው «ትናገሪዋለሽ» የሚለውን ብቻ ነው። «ልክ እንደ ነገርሽኝ» የሚለው በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። ሦስቱንም ማታ መስታወት ፊት ቆማ ንግግር አዘጋጀች። ብርድ ልብስ የሚባል ነገር አልነበረበትም።

ሐሙስ አዳራሹ ሞልቶ ጠበቃቸው። የቦርዱ አባላት በረጅሙ ጠረጴዛ፣ ሚስተር ኮትዜ ዳር ላይ፣ ወላጆች ከፊት፣ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኞች ደግሞ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ፓስተር ማናሴ ሙሉ ልብስ ለብሰው ሰላማዊት አጠገብ ተቀምጠዋል።

ኤርጎጌ ተነሣች። ለቦርዱ በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ አንድ ፍሬ፣ ሁለት ፍሬ፣ ቆመች። ትህትና በደስታ የእግሯን ጣቶች ጫማዋ ውስጥ አጠፈች። ኤርጎጌ ግን ተነፈሰችና ፊቷን ወደ አዳራሹ አዙራ «ሳኒቦናኒ» ብላ ሰላምታ ሰጠች። ከዚያ በኋላ በዙሉ አወረደችው።

አዳራሹ ነቃ። ከኋላ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ «ዬቦ!» አለች፣ እውነትሽን ነው እንደ ማለት። ወላጆች ይሥቃሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዳቬይተን ሱቅ ያላቸው ፓስተር እንኳ ገብቷቸው ዐይናቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። እዚሁ ከተማ የተወለደችው ትህትና ብቻ አንድም ነገር አልገባትም። ሁሉም ሲሥቅ አብራ ሣቀች፤ ዘግይታ ስለ ነበር ብቻዋን ቀረች።

ቦርዱ ውስጥ ዙሉ ለማይሰሙት ሚስ ማቡዛ ተረጎመች። «እንዲህ ነው ያለችው፦ ዳቬይተን ዙሉ ባልችል 'ሂጂ ወደ አገርሽ' እባላለሁ። እዚህ ዙሉ በመቻሌ 'ሂጂ ቅጣት ክፍል' እባላለሁ። ምላሴን አውልቄ ታክሲ ውስጥ ልተወው?»

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣ ደረሰ። ትህትና እልልታው እንዲያልቅ ጠበቀች። አላልቅ አለ። ሲያልቅ ተነሥታ ንግግሯን ለቀቀችው። ስለ አህጉሪቱ ንጋት፣ ስለ ወጣቱ ትውልድ፣ ስለ ድልድይ መገንባት፣ አንድም ቃል ሳትሳሳት።

ሊቀመንበሯ መነጽሯን አውልቃ ፈገግ አለች። «በጣም የሚያምር እንግሊዝኛ ነው። አንቺ በዚህ ሕግ ተቀጥተሻል?»

«አልተቀጣሁም።»

«ይኸው!» አለ ሚስተር ኮትዜ ወደ ቦርዱ ዘወር ብሎ። «ይቺም ከዚያው ከኢትዮጵያ ቤተሰብ ናት። በእንግሊዝኛ የጣረ ልጅ ሕጉ እንደማይነካው እያያችሁ ነው። ሕጉን ለምን እናነሣለን?»

አንድ ሁለት የቦርድ አባላት ራሳቸውን ነቀነቁ። ፓስተር መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ኤርጎጌ ወደ ትህትና ያየችው አስተያየት ቢሳል ቢላ ይወጣው ነበር። ሚስ ማቡዛ ብቻ ዐይኗን አልነቀለችም፤ በከንፈሯ «ንገሪያቸው» አለቻት።

መናገር ማለት ይህ ሁሉ ሰው፣ እናቷም ፓስተሩም ባሉበት፣ ቅጣት ለማግኘት ብላ ኮሪደር ላይ ብርድ ልብስ እንደ ሸጠች ማውራት ነው። ትህትና ለመቀመጥ ጉልበቷን አጠፈች። ሚስተር ኮትዜ ግን ከወንበሩ ሆኖ ያንኑ «የኛ ኮከብ» የሚለውን ፈገግታ ላከላት። ያኔ ደሟ ፈላ።

«አልነካኝም አይደለም፣ ቅጣቱን ከለከላችሁኝ!» አለች፤ የሬዲዮ ድምፅዋ ጠፍቶ። «ሰኞ ዕለት ፊትዎ ቆሜ በአማርኛ ስጮኽ ነበር! ብርድ ልብስ ስሸጥ! እንድቀጣ ብዬ! እርስዎ ግን 'ድንቅ' አሉኝ፣ 'ሻሎም' አሉኝ! በዚያው ጊዜ እሷ በዙሉ እስክሪብቶ ስትለምን ቀጧት! የጮህኩት እኔ፣ የተቀጣችው እሷ! ቅጣቱ ለእኔ ነበር የሚገባው!»

አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ሰላማዊት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሊቀመንበሯ ግን አልሣቀችም።

«ሚስተር ኮትዜ፣ እውነት ነው?»

«እሱ... ሁኔታው የተለየ ነበር።»

«ምኑ ነው የተለየው?»

ሚስተር ኮትዜ ከፊቱ ያለውን ወረቀት ማስተካከል ጀመረ። ጆሮው ቀላ። ሣቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ከኋላ የቆሙት ሴቶች እጃቸውን አጣምረው መልሱን ይጠብቃሉ።

ቦርዱ ብዙ ተንሾካሾከ። በመጨረሻ ሕጉ እስከሚቀጥለው የትምህርት ተርም ድረስ እንዲቆምና እንደ ገና እንዲታይ ተወሰነ። ተነሣ አልተባለም፣ ቆመ ነው የተባለው። ቢሆንም ለዚያ ቀን ይበቃ ነበር።

በር ላይ እናቶቹ ሁሉ ኤርጎጌን ከበቡ። አንዷ ትስማታለች፣ አንዷ ትመርቃታለች፣ ፓስተር እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነዋል። ትህትናን ሰላም ያላት አንድ ሰው ነው፤ እሱም ብርድ ልብሱ ስንት እንደሆነ ጠየቃት። ግርግሩ ሲቀል ብሌዘሯን አስተካክላ ወደ ኤርጎጌ ተጠጋች።

«አየሽ አይደል?» አለች። «እኔ ባልኖር ተበልታችሁ ነበር። እልልታውን አንቺ ወሰድሽው እንጂ ነገሩን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ሕዝቡ ለምን ለአንቺ ብቻ እንደሚያጨበጭብ አይገባኝም።»

ኤርጎጌ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አነሣች።

«እኔን የጠሩኝ ሊሰሙኝ ነው» አለቻት። «አንቺን የጠሩሽ ኮትዜ ማንን እንደማይቀጣ ሊያሳዩብሽ ነው። ዞር በይ፣ ታክሲ እያመለጠኝ ነው።»