የኋላ ተኳሹ ያየው

በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሻየር የባሕር ዳርቻ ባሉት የዓሣ አጥማጆች መንደሮች ወንድማማቾች በአንድ ጀልባ አይወጡም። ባሕር ጀልባውን ቢውጠው እናት በአንድ ቀን ሁለት ልጅ እንዳታጣ ነው። ሳይላስ ስቶርና ታናሹ ኔድ አየር ኃይል ሲገቡ እናታቸው ይህንኑ አስማለቻቸው። ሁለቱም ተኳሽ ሆነው አንድ ጣቢያ ሲመደቡ፣ ሳይላስ አዛዡ ፊት ቀርቦ፣ "በአንድ አውሮፕላን አያድርጉን" አለ። ሰውየው ሳቀ፤ ግን እሺ አለው። ኔድን ከጎን በሚበረው አውሮፕላን ላይ መደበው።

እናትየው ያላሰበችው ነገር ነበር። ጀልባ ከጀልባ በባሕር ላይ ይለያያል። ቦምብ ጣይ ግን ሦስት ሦስት ሆኖ፣ ክንፍ ለክንፍ ተጠጋግቶ ነው የሚሄደው።

ከጀርመን ጋር ጦርነቱ ከተጀመረ አራተኛ ወሩ ነበር። ሦስቱ አውሮፕላኖች ጠዋት ተነሥተው ባሕሩን አቋረጡ። ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና አልነበረም። ሳይላስ በጅራቱ ጫፍ ባለችው የመስታወት ክፍል፣ ከሁለት መትረየስ ኋላ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ፊቱ ወደ መጣበት ነው፤ የሚያየው ያለፉትን ብቻ ነው። በስተጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ የኔድ አውሮፕላን ይከተላል። ኔድ የፊት ተኳሽ ስለሆነ በአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ባለው መስታወት ውስጥ ተቀምጦ ወደ ሳይላስ ያያል። አልፎ አልፎ ጓንት ያጠለቀ እጁን ያወዛውዝለታል።

"ስቶር! አለህ ወይስ በረዶ ሆነሃል?" የሬዲዮ ሠራተኛው ፕላት ነው፣ በጆሮ ማዳመጫው።

"አለሁ።"

"ምን ትሆናለህ! ዓሣና ዓሣ አጥማጅ በረዶ ላይ ሲሆን ነው የማይበላሸው።"

"አፍህን ዝጋ፣ አንተ የለንደን አይጥ።"

"ሁለታችሁም ዝጉ" አለ አብራሪው ሃርግሪቭ። "ስቶር፣ ከኋላ?"

"ሁሉም አለ፣ አለቃ።"

ልማዳቸው ይህ ነበር። አብራሪው ከኋላው ያለውን አያይም። "ከኋላ?" ይላል፤ ሳይላስ የሚለውን ይዞ ይበራል።

የጀርመን የጦር ወደብ ላይ ሲደርሱ መርከቦቹ ከወደቡ ግንብ ጋር ታስረው አገኟቸው። ትእዛዙ ባሕር ላይ ያለውን ምቱ፣ የብስ የተጠጋውን አትንኩ የሚል ነበር፤ ቦምቡ ስቶ ሰላማዊ ሰው እንዳይገድል። ያኔ ገና እንዲህ ይታሰብ ነበር።

"ያውልህ፣ ተደርድረው!" አለ ፕላት። "እጅ ነስተን ልንመለስ ነው?"

"ትእዛዝ ነው።"

"እነሱንስ አትተኩሱ ያላቸው አለ?"

አልነበረም። የመርከቦቹ መድፎች ተንጣጡ። ጥቁር ጭስ በየቦታው ፈነዳ። ሃርግሪቭ ቦምቡን እንደተሸከመ ወደ አገሩ ዞረ። ሌሎቹም ዞሩ። የኔድ አውሮፕላን ግን ሲዞር ግራ ሞተሩ ይጨስ ነበር።

"ከኋላ?"

"ሦስተኛው ተመቷል፣ አለቃ። እየቀረ ነው።"

ሃርግሪቭ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከፊት የነበረው አውሮፕላን አልጠበቃቸውም፤ ሄደ።

ተዋጊ አውሮፕላኖቹ የመጡት ያኔ ነው። ጠላት ከኋላ ነው የሚመጣው ተብለው ተምረው ነበር፤ መሣሪያውም የተተከለው ከኋላና ከፊት ነው። እነዚህ ከጎን መጡ። ሳይላስ መትረየሱን መጨረሻው ድረስ አዞረው፤ አልደረሰላቸውም። ጥይት የአውሮፕላኑን ጎን እንደ ሸራ ተረተረው።

"ፕላት?" አለ ሃርግሪቭ። "ፕላት!"

መልስ የለም።

"ስቶር፣ ከኋላ? አሁንም አለ?"

አለ። አንዱ ሞተር ቆሟል፤ ከባሕሩ ከፍ ብሎ፣ እየተንገዳገደ ይበራል። በአፍንጫው መስታወት ውስጥ የኔድ እጅ ተነሣ። ና ይሁን ሂድ ሳይላስ አልለየውም። ተዋጊዎቹ ርቀው እየዞሩ ነው፤ አንዴ ከተመለሱ ማንም አይተርፍም። እዚህ ውስጥ ደግሞ አራት ሰው በሕይወት አለ። ሳይላስ "አለ" ካለው ሃርግሪቭ ይጠብቃል። የሃርግሪቭን ልብ ያውቀዋል።

"ወድቋል" አለ ሳይላስ። "ባሕር ገባ። ይሂዱ፣ አለቃ።"

"አየኸው?"

"አየሁት።"

ሞተሮቹ ጮኹ። የኔድ አውሮፕላን አነሰ፤ ወፍ አከለ፣ ዝንብ አከለ። ተዋጊዎቹ ወደዚያው ሄዱ። ሳይላስ ዓይኑን ሳይነቅል አየ። ከዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ ሰማይ ላይ ነበር።

ጣቢያው ሲደርሱ ፕላትን በብርድ ልብስ ሸፍነው አወረዱት። የተረፉትን ምድጃ ያለበት ክፍል አስገብተው ሻይ ሰጧቸው። ጠያቂው መኮንን ሽማግሌ ሰው ነበር።

"የሦስተኛውን መውደቅ ማን አየ?"

"ስቶር አይቷል" አለ ሃርግሪቭ።

መኮንኑ ወደ ሳይላስ ዞረ። "ወንድምህ እንደነበረበት ነግረውኛል። ቀስ ብለህ መልስልኝ፣ ልጄ። ሲወድቅ አይተህ ከሆነ ለእናትህ ሞተ ብለን እንነግራታለን። ካላየህ ግን የደረሰበት አልታወቀም ነው የምንላት።"

ሳይላስ ሻዩን አስቀመጠ። መንደራቸው ውስጥ የባሏ ጀልባ ሲሰጥም ማንም ያላየላት ሴት ነበረች። እስክታረጅ ድረስ ማታ ማታ ለሰውየው ሳህን ታቀርብ ነበር። ሞት የተነገራት እናት ጥቁር ትለብሳለች፤ ታለቅሳለች፤ ይወጣላታል። ደግሞም ሃርግሪቭ አጠገቡ ተቀምጧል። አየሁ ቢል ሁሉም እዚያው ያበቃል።

"ሲወድቅ አላየሁም።"

"ወድቋል አልከኝ" አለ ሃርግሪቭ።

"ብያለሁ።"

"ይበር ነበር?"

"በአንድ ሞተር። ይበር ነበር።"

"እኔ እኮ እጠብቀው ነበር!"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልኩት።"

"ታዲያ አሁን ለምን ትናገራለህ?" አለ መኮንኑ።

"ለአለቃ የዋሸሁት ሰው እንዲተርፍ ነው። ለእናቴ ያላየሁትን ሞት አልነግራትም።"

ሃርግሪቭ ቆቡን አንሥቶ ወጣ። ሻዩን አልነካውም።

ሳይላስ ሲጨርስ አውሮፕላኑ ጋ አገኘው። ሁለት ሠራተኞች የፕላትን መቀመጫ በባልዲ ውኃ ያጥባሉ።

"ሌላ የኋላ ተኳሽ ስጡኝ ብያቸው ነበር" አለ ሃርግሪቭ፣ ሳያየው።

"እሺ፣ አለቃ።"

"የለም አሉኝ። ነገ እንነሣለን።"

ሃርግሪቭ ወደ እሱ ዞረ።

"ከእንግዲህ ያየኸውን ትነግረኛለህ። መጠበቅና ትቶ መሄድ የኔ ሥራ ነው፤ ኃጢአቱም የኔ ይሁን።"

"ይከብድዎታል።"

"አምስት ሰው ከነነፍሱ ጥዬ መጥቻለሁ፣ ስቶር። ሳላውቅ።"

አንዱ ሠራተኛ ቀልቶ የደፈረሰውን ውኃ ሣሩ ላይ ደፋና ሌላ ሊቀዳ ሄደ። ሃርግሪቭ ተከትሎት ሄደ። ሳይላስ ወደ ጅራቱ ዞሮ ገባና መትረየሶቹን መፍታት ጀመረ፤ ለነገ መወልወል ነበረባቸው።