የሲንቄ ግንባር

ፊራኦል ሁለቱንም ስካነር ከመኪናው አውርዶ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደራቸው።

«አንዱን ብቻ ነው የምወስደው። እሱንም ሞክሬ» አልኩት።

«አዴ ጋዲሴ፣ እርስዎ እስኪመርጡ እኔ አዲስ አበባ ደርሼ እመለሳለሁ።»

«ደርሰህ ና። ዕቃዎቹን ግን እዚሁ ተዋቸው።»

ሳቀ። አሮጌ የፎቶ ዕቃ እየገዛ የሚሸጥ የአምቦ ልጅ ነው፤ ጠባዬን ያውቀዋል።

ባለቤቴ አያና እዚሁ ከተማ ፎቶ ቤት ነበረው። ዓይኑን ግላኮማ ሲይዘው ቤቱ ተዘጋ፤ ፊልሞቹ በብስኩት ካርቶን ታጭቀው አልጋችን ሥር ገቡ። ሰው ግን ከጊንጪም ከጉደርም እየመጣ «የአባቴ ፎቶ እናንተ ጋ ይኖራል» ማለቱን አልተወም። እንግዲህ ፊልሙን ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስገባ ነገር ቤታችን ይኑር አልን። ለሰው የምናገረው ይሄንን ነው። የኔ ጉዳይ ሌላ ነው።

ሲንቄ የምትባል ልጅ ነበረችን። ሰባት ዓመት ሳይሞላት ኩፍኝ ወሰዳት። ያለን አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ ዘንድሮ ክረምት ጣራው አፍስሶ ፊቷ ከወረቀቱ ላይ ተላጠ። ደግሞም ያ ፎቶ ድሮውንም ሙሉ አልነበረም። ሲንቄ ሁሉቃ ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ወድቃ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ነበራት፤ ነጣ ያለ። አያና ደግሞ ሰው ማሳመር ልማዱ ነው። ማድያት አይል፣ ብጉር አይል፣ ጠባሳ አይል፣ «ሪታች» እያለ ሁሉንም ያጠፋል፤ ደንበኛውም የሚወድለት ይሄንኑ ነው። የሷንም አጠፋው። ያኔ ምንም አላልኩም። ልጅቷ ከነጠባሳዋ ግቢ ውስጥ ትሮጣለች፣ ወረቀት ላይ ቢኖር ባይኖር ምን ያደርግልኛል?

ያጠፋው ከወረቀቱ ላይ ነው ብዬ ነው የማምነው። ፊልሙ ላይ እንዳለች ትኖራለች ብዬ።

የጎረቤቴ ልጅ ፌቨን ፊልሙን በመሥሪያ ቤቷ ስካነር ሞክራልኝ ጥቁር ወረቀት ይዛልኝ መጥታ ነበር። ፊራኦል ያንን ስነግረው «ለደብዳቤ የተሠራ ነዋ፤ ፊልም ከጀርባው መብራት ይፈልጋል» አለኝ። ትንንሾቹ የፊልም ስካነሮችም ይቅሩብዎት አለኝ፤ የአያና ፊልም ሰፋፊ ስለሆነ አይገባባቸውም። እነዚህን ሁለቱን ያመጣው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ቀላሉን ሞከርን፤ ክዳኑ ውስጥ መብራት ያለበትን። ፊራኦል የሲንቄን ፊልም አስተካክሎ አስተኛው። ትንሽ ቆይታ ኮምፒውተሩ ላይ ወጣች። አያና አፍንጫው መስተዋቱን እስኪነካ ተጠጋ።

«መጣች!» አለ። «ሃዳ ሲንቄ፣ መጣች እኮ!» እስካሁንም የሲንቄ እናት እያለ ነው የሚጠራኝ።

ግንባሯ ልሙጥ ነው። «ጠባሳዋስ?» አልኩ።

«የምን ጠባሳ?»

«የግንባሯ ነዋ።»

«ሲንቄ ጠባሳ የላትም። ከማን ልጅ ጋር ነው የምታምታቻት?»

«አያና! ደሙን በነጠላዬ ይዤ ሐኪም ቤት የሮጥኩት እኔ ነኝ!»

«እኔ ፊቷን አላውቀውም ማለት ነው? ስንት ዓመት ግድግዳ ላይ ሳየው የኖርኩትን?»

ፊራኦል ኮርኒሱን ማየት ጀመረ። እህቴም እናቴም የሉም። ያንን ጠባሳ የሚያውቅ ሌላ ሰው ከየት አመጣለሁ?

«ያንን ከባዱን ክፈተው» አልኩ።

«እሱ ፊልም ብቻ ነው የሚያነብ። አቧራውን ሳይቀር አጉልቶ ያወጣል፤ አይወዱትም።»

«የምወደውን አንተ ነህ የምትነግረኝ?»

ዕቃው እያቃሰተ ቀስ ብሎ ሠራ። ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ መጣ። የአንገቷ ቁልፍ የተሰፋበት ክር ሳይቀር መጣ። ግንባሯን አጉላው አልኩት። ከቅንድቧ ከፍ ብሎ ዶሮ የጫረችው አፈር የመሰለ፣ ቀጫጭን ጭረት ተደራርቦ አየሁ።

«ማነው ፊልሜን የቧጨረው?» አለ አያና። ዓይኑ ለዚህ ለዚህ ጊዜ አልጠፋም።

«ኦቦ አያና፣ ይሄ የምላጭ ጫፍ ነው» አለ ፊራኦል ዝግ ብሎ። «ደግሞ በጥንቃቄ የተሠራ።»

አያና ጣቱን መስተዋቱ ላይ አሳለፈ። «ነጣ ያለ ነገር ፊልም ላይ ጠቁሮ ይወፍራል» አለ። «እሱን በምላጭ ነው የማሳሳው። ሁሌም እንደዛ ነው የምሠራ።»

«ታዲያ የፋቅኸው የት ሄደ?»

«የት ይሄዳል፤ እፍ ብዬዋለኋ።»

እንግዲህ ጠባሳዋ የለም። የትኛውም ዕቃ ቢመጣ የለም።

«ከባዱን ተውልኝ» አልኩት ፊራኦልን። እዚያ ቦታ ላይ አንድ ነገር እንደነበር የሚመሰክርልኝ እሱ ብቻ ነው።

አያና ፊቱን ወደኔ አዞረ። «አንድ ነገር ነበራት ማለት ነው። ምን ይመስል ነበር?»

ፊራኦል ደስ ሊያሰኘን ፈልጎ ወንበሩን ሳበ። «ችግር የለም፣ አዴ፤ በኮምፒውተር እንመልሰዋለን። ቦታው እንደሆነ ታውቋል። እርስዎ ብቻ ይንገሩኝ፤ ቀጥ ያለ ነው ጎበጥ ያለ? ጫፉ ወደ ፀጉሯ ነው ወደ ቅንድቧ?»

አፌን ከፈትኩ። ደሙን አስታውሳለሁ። ሳጥባት ሳሙናው እንዳይነካት በመዳፌ የምሸፍነውን አስታውሳለሁ። ከመዳፌ ሥር ያለው ግን አልመጣ አለኝ።

«ቀጥ ያለ» አልኩ። ፊራኦል ሳለው። እሷ አይደለችም።

«ጎበጥ አድርገው።» ጎበጥ አደረገው። የሌላ ሰው ልጅ ሆነች።

«እንዲህ?» ይላል ፊራኦል።

«አይደለም።»

«እንዲህስ?»

«አይደለም አልኩህ!»

አያና ወንበሩን አስጠግቶ ጉልበቴን ነካ ነካ አደረገኝ። «ንገሪው እንጂ» አለኝ። «አንቺ ነሽ የምታውቂው።»