ጁማ ወንድም አይባልም

ልጅ የሌላት ጃሹ ቤቷን በቁሟ ለወንድሟ ለጁማ ልትሰጥ ቆርጣ፣ ቡጅ ከተማ መሐል ወዳለው ጠበቃ ይዛው ሄደች።

«የቅርብ ዘመድ ስጦታ ግብር የለበትም፤ አያስቡ» አላት ወጣቱ ጠበቃ ኒራቭ። «የአባታችሁ ስም ማነው?»

ጁማ ሳቁ አመለጠው። «ልጄ፣ እሷ ሂንዱ፣ እኔ ሙስሊም። የምን አባታችን?»

ከዓመታት በፊት ምድር ተንቀጥቅጣ ቡጅ በአንድ ጠዋት የፈረሰች ዕለት ጃሹ ድንጋይ ተጭኗት ነበር፤ ባሏ አጠገቧ አርፏል። በቀዳዳ አንድ እጅ ገብቶ ያዛት። ፊቱን አላየችም። ምድር ደግማ ስትናወጥ «ሂድ፣ ትሞታለህ!» ብላ ጮኸች፤ እጁ አልለቀቃትም። ከሳሪዋ ጫፍ ቀድዳ፣ እህት ለወንድሟ የምታስረውን ክር አሰረችለት። ኋላም ከፍርስራሹ ያወጣት፣ ቤቱንም መልሶ የገነባላት እሱ፣ ጁማ ነው። ዛሬም ያንን እጅ ስታይ ትደነቃለች። ጥፍሩ የተሰባበረ፣ ተራ የግንበኛ እጅ ነው።

ይህን ሲነግሩት ኒራቭ ብዕሩን አስቀመጠ። «ክሩን ሕግ አያውቀውም፣ እማማ። በሕጉ ባዕድ ናቸው። የቤቱ ዋጋ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ይመጣባቸዋል፤ ለመክፈል ቤቱኑ መሸጥ ሊኖርባቸው ነው።»

«ሙምባይ ያለው የባሌ ወንድምስ? መኖሬንም የረሳው?»

«እሳቸው ዘመድ ናቸው። ምንም አይከፍሉም።»

«ወይ ጉድ!»

ጉድ ነው እንጂ! ሕግ ሲያሻው እንዲህ ዐይኑን ይጨፍናል።

«ለሠርጋቸው ከሰጧቸው ግን ነፃ ነው» አለ ኒራቭ።

«ሁለተኛ ላግባ ብላት ሚስቴ በመጥበሻ ነው የምትቀበለኝ» አለ ጁማ።

«እንግዲያው በኑዛዜ ይሁን። ኑዛዜ ላይ ግብርም የለ፤ ዝምድናም አይጠየቅም። ወንድሜ ብለው መጻፍ ይችላሉ።»

ጃሹ ማመን አቃታት። ወንድሜ ተብሎ፣ በወረቀት! «በል ጻፍ!»

ጁማ ብድግ አለ። «አልፈልግም! በየዓመቱ ክሩን ስታስሪልኝ፣ ቀድሜሽ ልሙት ብዬ ነው የምለምነው። አሁን ሞትሽን ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?» ወደ በሩ ዞረ።

«ያኔ ሂድ ስልህ እምቢ አልክ» አለች ጃሹ። «ዛሬ ተቀበል ስልህ እምቢ። አንዴ እንኳ እሺ በለኝ፣ ወንድም ዓለም!»

ጁማ ቆመ። እንባውን እንዳታይበት ፊቱን አላዞረም፤ እጁን ብቻ ወደ ኋላ ዘረጋላት።

«ይጻፍ» አለ። «ግን አደራ፣ እንዳትቸኩዪ።»

ዛሬም ፊቱ አልታያትም። ጃሹ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።