ሥዕሉ ሲሸፈን

በመስከረም የመጨረሻ ሰኞ የግዛቲቱ የአምስት ዓመት የንባብ ትምህርት ዕቅድ ሰነድ ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ ነበረው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በግዛቲቱ ውስጥ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ ሆስፒታሉ አንድ መጽሐፍ እንዲሰጥ ያዛል። የመጨረሻው ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሥራ ውል አንብቦ መረዳት እንዲችል ይጠይቃል። ሦስተኛውን ምዕራፍ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለውን፣ የጻፈችው ኖሪን ቬስሊ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምራ ጡረታ ወጥታለች፤ ከአሥራ ሦስቱ የዕቅድ ኮሚቴ አባላት መካከል ከእሷ የበለጠ ሰሌዳ ፊት የቆመ አልነበረም።

በምዕራፉ መሠረት ከመቶ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ሰባ አንዱ በደረጃቸው ያነባሉ። ቁጥሩ የተገኘው መምህሯ ከልጁ አጠገብ ተቀምጣ፣ ሥዕል ያለው ትንሽ መጽሐፍ እያስነበበች፣ በየቃሉ ላይ ምልክት በምታደርግበት ፈተና ነው። ፈተናውን የመረጠችው ኖሪን ናት። አራት መቶ አሥራ ሁለት መምህራንን ያሠለጠነችበትም እሷው ናት። በትምህርት ቤቶች ከወዲሁ የሚሠራበት አንቀጽ አራትም የእሷ ነው፦ «የተመዘገበ ውጤት በወላጅ፣ በዘመድ ወይም በአስተዳዳሪ ጥያቄ አይለወጥም፤ በአፈታተኑ ላይ ስህተት መፈጸሙ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ በቀር።» አንድ የትምህርት ቦርድ አባል የወንድሙን ልጅ ውጤት ሲያስቀይር በዓይኗ ስላየች ነበር እንዲህ ብላ የጻፈችው።

ቅዳሜ ልጇ ትሪና ቤት ሄደች። ትሪናና ባሏ ከብት ያረባሉ። የስምንት ዓመቷ ልጃቸው ጆሊን ሦስተኛ ክፍል ናት፤ መጽሐፏን ይዛ መጥታ አያቷ ጎን ሶፋው ላይ ተሸጎጠች።

«ጊደሯ አጥሩን ጥሳ ወጣች» ብላ አነበበች።

ኖሪን ገጹን አየች። የተጻፈው «ላም» ነው።

«ጊደር ነው የሚለው የኔ ቆንጆ?»

«አያቴ ደግሞ! ግቷን አታዪም እንዴ? ገና አልወለደችም እኮ። ይቺን ላም የሚሏት የከተማ ሰዎች ናቸው።»

ትሪና ከወጥ ቤት ሳቀች። «አባቷን ነው የወጣችው። በከብት አትሸወድም።»

ኖሪንም ሳቀች። ልጅቷ ትክክል ናት፤ ሥዕሉ ላይ ያለችው ጊደር ናት። በፈተናውም ደንብ እንዲህ ያለው መልስ ስህተት ተብሎ አይቆጠርም፣ የታሪኩ ሐሳብ አልተበላሸምና። ኖሪን ራሷ በሥልጠናው ላይ «ልጁ እያሰበ ነው፣ አታቋርጡት» ትል ነበር። ቀጥሎ ያደረገችውን ለምን እንዳደረገች ግን በኋላም መናገር አልቻለችም። መዳፏን ሥዕሉ ላይ አሳረፈች።

«በይ ቀጥይ።»

ጆሊን የአያቷን ጣት ጎተተች። «እጅሽን አንሺያ» አለች።

«ሳላነሳ አንብቢልኝ።»

«እና ምኑን አይቼ ላንብብ?»

ኖሪን ስድስት ገጽ እየሸፈነች አስሞከረቻት። ልጅቷ የመጀመሪያውን ፊደል ታይና ከዚያ ቀና ብላ የአያቷን ፊት ትመለከታለች፣ መልሱ እዚያ ያለ ይመስል። ከመቶ ቃል ያወቀችው ሃያ ሁለት ብቻ ነበር።

ልጅቷ ልትተኛ ስትሄድ ኖሪን ለትሪና ነገረቻት። ትምህርት ቤቱ የንባብ ድጋፍ ክፍል አለው፤ ልጆች በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እየገቡ ፊደልና ድምፅ ከሥሩ ይማራሉ። የሚገባው ግን ከደረጃ በታች ተብሎ የተመዘገበ ብቻ ነው። ጆሊን «በደረጃዋ» ተብላ ተመዝግባለች። ከአራተኛ ክፍል በኋላ ደግሞ ማንበብ የሚያስተምር ሰው የለም፤ ሁሉም ያነባል ተብሎ ነው ሌላው ትምህርት የሚጀመረው። የቀራት ይህ ዓመት ነው።

«ታዲያ አንቺ አስተምሪያታ» አለች ትሪና። «አስተማሪ አይደለሽ?»

«በምን? እኔ የማውቀው ይኸንኑ ነው። ሥዕሉን እዪ፣ ምን ይመስልሻል፣ ማለት።»

ትሪና የታጠበውን ሳህን ይዛ ቆመች። «እኔንም እንደዚህ ነበር ያስተማርሽኝ?»

ኖሪን ጨርቅ አንስታ ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመረች።

«ለዚህ ነዋ የከብቱን መድኃኒት ወረቀት እስከ ዛሬ ባሌን የማስነብበው» አለች ትሪና፤ ቀልድ አስመስላ ነበር የተናገረችው።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ኖሪን የጆሊንን መምህርት ኦድራ ክላይንን የትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ውስጥ አገኘቻት። ኦድራ ቺሊ የሚሉትን የሥጋና የባቄላ ወጥ ገፋ አድርጋ የቀረፋ ዳቦዋን እየቆረሰች ነበር። የፈተናውን ቅጽ አመጣችላት። ኖሪን መስመር በመስመር መረመረችው፤ አንድም የተዛነፈ ምልክት አላገኘችም።

«ልክ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነው የሞላሁት» አለች ኦድራ።

«አውቃለሁ።»

«ተሳስቻለሁ ብዬ ልፈርም ነው የሚሉኝ? ወይዘሮ ቬስሊ፣ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ከፈረምኩ በሚቀጥለው ሳምንት ከሥራ እባረራለሁ።»

«አላልኩሽም። እኔም ብሆን ይኸንኑ ነበር የምሞላው።»

ሐሙስ ኮሚቴው ለመጨረሻ ጊዜ ተሰበሰበ። ሰነዱ በማግስቱ ወደ ፌደራል መንግሥት ካልተላከ ለአምስት ዓመቱ ዕቅድ የሚሰጠው ድጋፍ ይቀራል። ኖሪን የሆነውን ተናገረች፤ ፈተናው እንዲለወጥና ሰባ አንድ የሚለው ቁጥር እንዲወጣ ጠየቀች። ሰብሳቢው ደልበርት ሆግላንድ መነጽሩን አወለቀ።

«ኖሪን፣ አንዲት ጊደር አይተሽ ግዛቱን ሁሉ ልታፈርሺ ነው?»

አንዳንዶቹ ሳቁ።

«አንድ ልጅ አይደለችም፤ በዚህ ፈተና ያለፉት ሁሉ ናቸው።»

«ለክተሻል?»

«አልለካሁም።»

«እንግዲያው ከአምስት ዓመት በኋላ ሲከለስ እንለካዋለን።»

ድምፅ ተሰጠ። አሥራ አንድ ለሁለት ተሸነፈች። ከእሷ ጋር እጁን ያወጣው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊው ብቻ ነበር።

ደልበርት ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። ሃያ ዓመት ይተዋወቃሉ። «አጥሩን አንቺው ሠራሽ፣ በር ማውጣት ረሳሽ» አለ፤ ክፋት አልነበረበትም።

ኖሪን ግን ያን ማታ አንቀጽ አራትን ደጋግማ አነበበች። «በአፈታተኑ ላይ ስህተት» ይላል። ስህተቱ የማን መሆን እንዳለበት አይልም። ጠዋት አንድ ገጽ ደብዳቤ ይዛ ደልበርት ቢሮ ገባች፦ መምህርት ክላይን የተማረችውን በትክክል ፈጽማለች፤ የተሳሳተው አሠልጣኟ ነው፤ አሠልጣኟም እኔ ነኝ።

ደልበርት ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይኼ ሲገባ አሠልጣኝነትሽ ይሰረዛል። ኮሚቴው ውስጥም መቀመጥ አትችዪም።»

«ይሰረዛ።»

«የሌሎቹ አራት መቶ አሥራ አንድ መምህራንስ?»

«እነሱንም ያሠለጠንኩት እኔው ነኝ። ሁሉም እንደገና ይፈተን።»

«አይሆንም። የአንድ ክፍል እፈርምልሻለሁ፣ እሱንም ለአንቺ ስል ነው። ሌሎቹን የምታነሺ ከሆነ ግን ደብዳቤሽን ይዘሽ ውጪ።»

ኖሪን ወንበሩ ላይ ቆየች። ደብዳቤው ከተፈረመ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲከለስ የምትናገርበት ወንበር አይኖራትም። ካልተፈረመ ጆሊን እስከ ዓመቱ መጨረሻ «በደረጃዋ» ሆና ትቆያለች፤ አራተኛ ክፍልም ትገባለች። በአንድ ክፍልና በአራት መቶ አሥራ አንድ ክፍል መካከል ሌላ ቁጥር ፈለገች። አላገኘችም።

«ፈርም» አለችው።

ድጋሚው ፈተና በኅዳር ሁለተኛ ሳምንት ተሰጠ። ከሌላ ወረዳ የመጣች መምህርት በየገጹ ሥዕሉን በቢጫ ወረቀት ሸፍና ሃያ ሁለቱን ልጆች አንድ በአንድ አስነበበች። አሥራ አራቱ ከደረጃ በታች ሆኑ፤ ጆሊንም ከእነሱ አንዷ ናት። ትሪና ስልክ ደውላ «ገባች ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ኖሪን «ቆዪ» አለቻት።

የድጋፍ ክፍሉ መምህርት አንዲት ናት። የሦስተኛው ምዕራፍ አንቀጽ ዘጠኝ አንድ መምህርት በአንድ ዓመት ከስድስት ልጅ በላይ እንዳትይዝ ይከለክላል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ማንም እንደማይጠቀም ኖሪን በማስረጃ አስደግፋ ነበር የጻፈችው። ቅድሚያ የሚሰጠው ዝቅተኛ ላመጣው ነው። ዝርዝሩ ዓርብ ዕለት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ዝርዝሩን የዘጋው ስድስተኛው ልጅ ከመቶ ቃል ሃያ አንድ አንብቧል። ጆሊን ሃያ ሦስት።