በስድብ የተለካ ማስክ

ባሌ ማጋት ንጃይ ነው፤ እኔ ደግሞ ያንዴ ምቤንግ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለትውውቅ ያህል ብቻ አይደለም፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከቤተሰብ ስማችን ስለሆነ ነው። በንጎር መንደር ንጃይና ጆፕ ሲገናኙ ካልተሰዳደቡ ሰላም እንዳልተባባሉ ይቆጠራል። ጆፕ ንጃይን «አሽከሬ» ይለዋል፣ ንጃይም ጆፕን «ሩዝ ለቅላቂ» ይለዋል። ማንም አይቀየምም። ቢቀየምም የሚያፍረው የተቀየመው ነው። ምቤንግን ግን በዚህ ጨዋታ ማንም አይነካም። ስለዚህ እነሱ ሲሰዳደቡ እኔ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ።

ማጋት ልብስ ሰፊ ነው። ሰው ሁሉ የተሰፋ ልብስ ከገበያ እየገዛ ሲለብስ፣ የስፌት መኪናው ከእሱ ይልቅ ለድመታችን አገልግሎት መስጠት ጀመረ። አባቱ ዓሣ በጦር የሚወጋ ጠላቂ ነበር። በእርጅና፣ በገዛ አልጋው ላይ ነው የሞተው፤ ለጠላቂ ይህ ትልቅ ሹመት ነው። ማጋትም በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ይጠልቅ ስለነበር፣ የባይ ማሳምባ የእህት ልጅ ወደ ስፔን ተሻግሮ በአጎቱ ጀልባ ላይ አንድ የጠላቂ ቦታ ሲከፈት፣ መቀሱን እንኳ ሳያስቀምጥ ሮጠ። ባይ የምንለው አባት ለምንለው ሰው ነው። ባይ ማሳምባ ከመንደራችን ፊት ለፊት ካለው ደሴት ጀርባ ወዳሉት ቋጥኞች ጠላቂዎችን ይዞ የሚወጣ ሽማግሌ ነው።

«እሑድ ና» አለው። «ዕቃህን ይዘህ ና፣ እኔ ዕቃ አላውስም። አንዴ አይሃለሁ።»

«ያ ቀን ባይቀናኝስ፣ ባይ?»

«ሁለተኛ ጊዜ የማየው ሚስቴን ብቻ ነው።»

እንግዲህ ማጋት ዕቃ ሊገዛ ነው። ዕቃ የሚሸጠው ደግሞ በመንደሩ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ባራ ጆፕ ነው።

የባራ ሱቅ ከባሕሩ ዳር ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ቱሪስት ረስቶ የሄደው፣ በኮንቴይነር የመጣው፣ ማዕበል የተፋው ሁሉ በክር ተንጠልጥሎ ይታያል። በር ላይ ሁለት ሰዎች መረብ ይጠግኑ ነበር። ገና ሲያዩን እጃቸውን ከመረቡ አነሡ፤ ጨዋታ ሊያዩ ነው።

«ና አንተ አሽከር» አለ ባራ። «ጌታህን ሳትሳለም ዕቃዬን እንዳትነካ።»

«ጌትነትህን ከሩዝ ድስቱ ውስጥ አውጣና ማስክ አሳየኝ» አለው ባሌ።

ማጋት ገና ከበሩ ሳይገባ ዓይኑ ያረፈባት ሰፊ፣ ጥርት ያለ መስታወት ያላት የጠላቂ ማስክ ነበረች። ባራ አውርዶ ሰጠው። ማሰሪያውን ወደ ኋላ አጠፈለትና፣ «ሳታስር ፊትህ ላይ አድርግ። በአፍንጫህ ሳብ። ሩዝ የሸተተህ መስሎህ ሳብ» አለው።

ማጋት ሳበና እጁን ለቀቀ። ማስኳ ወደቀች። ባራ አገጩ ስር መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቃት ስለነበር መዳፉ ላይ አረፈች።

«አየህ? ላንተ ልዳርሽ ብላት ጠፋች። ከንፈርህ ላይ ያለውን የአይጥ ጅራት አንሣና እንደገና ጠይቃት።»

መረብ ጠጋኞቹ ሳቁ። ጢሙን ማጋት ከሰርጋችን ጀምሮ ነው የሚንከባከበው። እኔ ራሴ አንዳንዴ ከእኔ በፊት ለጢሙ ደህና አደርክ የሚለው ይመስለኛል።

ባራ ከጥግ አንዲት ትንሽ ጥቁር ማስክ አወጣ። መስታወቷ ወደ ዓይን የቀረበ ነው፣ አፍንጫዋም ለስላሳ ጎማ ነው። «ያንተ ይቺ ናት። አንዲት ፈረንሳዊት ናት ትታት የሄደችው። የንጃይ ጭንቅላት ውስጥ ብዙ ነገር ስለሌለ ሰፊ ቤት አይፈልግም።»

አሁን እኔም ሳቅሁ። ማጋት የሴት ማስክ ሊሞክር ይቅርና ሊያያትም አልፈለገም። «ትልቋን» አለ። «ሁሉንም ታሳያለች።»

«ባዶ አዳራሽ ናት። እሷን ስትሞላ ትንፋሽህ ያልቃል። ለነገሩ ንጃይ ትንፋሹን የሚጨርሰው በወሬ ነው።» ከዚያ የእግር ክንፎቹን አቀበለው። «ይህን ቀጭን እግርህን ካልሲ አልብሰው፤ አለዚያ ክንፎቹ አንተን ትተው ወደ ጎሬ ደሴት ይሄዳሉ። የክብደት ቀበቶስ?»

«የአባቴ ቀበቶ አለኝ፣ ከነእርሳስ ክብደቶቹ።»

«ንጃይ እርሳስ ምን ያደርግለታል? የበላው ሩዝ ብቻውን ያሰምጠዋል።»

ማጋት ለዚህም ተገቢውን መለሰለት፣ ሰዎቹም ሳቁ፣ ትልቋን ማስክ ይዘን ወጣን። ባራ ትንሿን መልሶ ጥጓ ውስጥ ሲያስቀምጣት አየሁ። ከማንጠልጠያው ላይ አይደለም ያደረጋት፤ ጥጉ ውስጥ፣ በጨርቅ ሸፍኖ ነው።

ሐሙስ ዕለት ማጋት ከመንደሩና ከደሴቱ መካከል ባለው ውሃ ውስጥ ራሱን ሊሞክር ገባ። ሲመለስ ያንን ነጭ የነበረ ዓይኑን አየሁት። ደም ረጭቶበታል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ጨው ነው።»

«ጨው አውቃለሁ፤ ቀይ ሆኖ አላየሁትም።»

ማስኳ በጢሙ በኩል ውሃ ታስገባለች። ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ባሕሩ ማስኳን ፊቱ ላይ ይጫናታል፤ እንዳትመጠው በአፍንጫው አየር መጨመር አለበት። ሰፊ ስለሆነች የሚጨምረው አይበቃትም። አፍንጫዋ ደረቅ ፕላስቲክ ስለሆነ ጆሮውን ለመክፈት አፍንጫውን ቆንጠጥ ማድረግም አልቻለም። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አልነገረኝም፤ እራት እየበላን፣ ከጉርሻ ጉርሻ መሀል፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ ነው ያወጣው። በዚያ ዓይን እሑድ ከባይ ማሳምባ ፊት ቢቆም፣ ቦታው ለሌላ ሰው እንደሚሄድ ሁለታችንም እናውቃለን። ከባሰም ዓይኑ ይጠፋል።

በማግስቱ ብቻዬን ወደ ባራ ሄድኩ።

«ባራ፣ እኔ ምቤንግ ነኝ። እንደ ሰው አናግረኝ።»

«እንዴታ፣ እህቴ ያንዴ። ቤት ደህና? እናትሽ ደህና?» ብሎ የራሱን በርጩማ ለቀቀልኝ። እንዲህ ጨዋ መሆኑን አላውቅም ነበር።

«የማጋት ዓይን ደም ለብሷል።»

«በትልቋ ማስክ?»

«በትልቋ።»

«ነግሬዋለሁ እኮ።»

«ምን ብለህ?»

«ለጭንቅላትህ ሰፊ ቤት አያስፈልግም ብዬ። ፊቱ ጠባብ ነው፤ ጉንጩ ጋ ክፍተት ይተዋል።»

«እሱ እኮ ስድብ ነው!»

«ስድብ ነው። ልኩም ነው።»

«ታዲያ ለምን በቁም ነገር አትነግረውም?»

ራቁትህን ሩጥ ያልኩት ይመስል አየኝ። «ለንጃይ? በቁም ነገር? ሰው ቢሰማ ማን ሞተ ብሎ ይመጣል።»

በርጩማው ላይ ተቀምጬ የዚያን ቀን ስድቦች ከሩዝ ውስጥ ጠጠር እንደሚለቅም ሰው አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። የአይጥ ጅራቱ፦ ጢሙ ውሃ ያስገባል። ሰፊው ቤት፦ ማስኳ ትልቅ ናት። ቀጭኑ እግር፦ ካልሲ ያስፈልገዋል። ሰውየው ባሌን ከራሱ እስከ እግሩ እየሰደበ ለክቶታል፤ ልብስ ሰፊ የሆነው ባሌ ግን ሲለካ አላወቀም። የሩዙን ነገር ለማንሣት አላሰብኩም። ንጃይና ጆፕ ባሉበት ሩዝ የሌለበት ስድብ የለም፤ ተራ ጨዋታ መሰለኝ።

ትንሿን ማስክ ሰጠኝ። ለማጋት ከአክስቴ ልጅ ያገኘኋት ናት አልኩት። ከጆፕ መምጣቷን ባይሰማ ይሻላል። ሳያስራት ፊቱ ላይ አደረጋትና ሳበ። ተጣበቀች። እጁን ለቀቀ፤ አልወደቀችም። እንደዚያው ሆኖ ግቢውን ዞረ፣ የጎረቤታችንን በር አንኳክቶም በአፍንጫው ሳይሆን በአፉ እየተነፈሰ ሰላምታ ሰጠ። ጢሙን ለመላጨት ግን እሺ አላለም። ላዩ ላይ ቫዝሊን ለቀለቀበት። በትዳር ይህን ስምምነት ይሉታል።

እሑድ ጠዋት ባሕሩ ጸጥ ብሏል። ሴቶቹ እንደ ልማዱ ለባሕሩ መንፈስ እርጎ ከውሃው ዳር አፍስሰዋል፤ ጀልባው በግንዶች ላይ ተቀምጦ የሚገፋው ይጠብቃል። ማጋት ከሁለት አሮጌ የጠላቂ ጎማ ልብሶች ቆርጦ የሰፋውን ስስ ልብስ ለብሶ መጣ። ስፌቱ ያምራል፤ ሴቶቹ ሁሉ ስፌቱን ነው ያዩት። የአባቱን ልብስ አይጥ ስለበላው ከእሱ የቀረው ቀበቶው ብቻ ነበር። እሱን ከነእርሳሱ፣ አንዲት ቁራሽ ሳይጎድልበት፣ እንደ ሰርገኛ መታጠቂያ ታጥቆታል።

ባራም ከገፊዎቹ ጋር መጣ። ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ጠበቀ፤ ማጋትም አላሳፈረም።

«መጣህ ሩዝ ለቅላቂ? ጌታህን ልትሸኝ?»

ባራ ቀበቶውን አየ። ስሱን ልብስ አየ። እንደገና ቀበቶውን አየ። ከዚያ ቆቡን አወለቀና አሸዋው ላይ አኖረው።

«አቶ ማጋት» አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቀበቶዎን ለአንድ አፍታ ሊያሳዩኝ ይችላሉ?»

ገፊዎቹ ጀልባውን ለቀቁት፤ ትንሽ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ከጀርባዬ አንዲት ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማን ሞተ?» ስትል ሰማሁ።

የማጋት ፈገግታ ፊቱ ላይ ቀርቷል፤ እሱ ግን እዚያ የለም። «ባራ፣ ምን ነካህ? ስደበኝ እንጂ።»

«አልሰድብዎትም።»

«ኧረ ስደበኝ።»

«አባትዎ የሚለብሱት ወፍራም ጎማ ነበር» አለ ባራ። «ወፍራም ጎማ ወደ ላይ ይስባል፤ ያን ሁሉ እርሳስ የሚሸከመው እሱ ነበር። የእርስዎ ስስ ነው። ታች ደርሰው ትንፋሽዎ ሲያልቅ፣ እርሳሱ አያልቅም።»

ያኔ ነው «የበላው ሩዝ ብቻውን ያሰምጠዋል» ያለው የገባኝ።

ባይ ማሳምባ ከጀልባው ጫፍ ላይ ሆኖ ያያል። አንዴ አይሃለሁ ያለው ይህኔ ይሁን ውሃው ውስጥ፣ ማን ያውቃል። ማጋት እጁን ከቀበቶው ላይ አኖረ። በሰው ሁሉ ፊት የአባቱን ዕቃ ማጉደል ነው፤ በጆፕ ቃል ደግሞ። ወደ እኔ ዞረ። እኔ አሸዋው ላይ ያለውን የባራን ቆብ አየሁ። እሱም አየው።

ቀበቶውን ፈታ።

ባራ ሁለት ቁራሽ እርሳስ አወጣለትና ቀበቶውን መልሶ አስታጠቀው። ሱሪውን ሳይሰበስብ ከማጋት ጋር አንገት የሚደርስ ውሃ ውስጥ ገባና «ይንሳፈፉ። አሁን ትንፋሽዎን ሁሉ ያውጡ» አለው። ማጋት ሲተነፍስ ቀስ እያለ ወረደ፤ ግንባሩ ጠፋ፣ ፀጉሩ ጠፋ። ባራ በክንዱ ጎትቶ አወጣውና ሌላ አንድ እርሳስ ቀነሰ። እንደገና ተነፈሰ። ውሃው ዓይኑ ላይ ደረሰና ቆመ።

«በቃ» አለ ባራ። «መልካም ጉዞ ይሁንልዎ።»

ጀልባው ሲሄድ ባራ በተገለበጠ ታንኳ ላይ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከሱሪው ውሃ ይንጠባጠባል።

«በስድብ ልታስቆመው አትችልም ነበር?»

«ሰድቤው ነበር። ሳቀ።» ቆቡን ጭንቅላቱ ላይ መለሰ። «ከስድብ አልፎ የቀረኝ አክብሮት ብቻ ነበር። ክፉ ነገር ነው። አፌ እስካሁን ይመረኛል።»

ጀልባው የተመለሰው ፀሐይ ከተዘቀዘቀች በኋላ ነው። ሌሎቹ ጮፍ ይዘዋል፤ ጮፍ ማለት እንግዳ የሚከበርበት ዓሣ ነው። ባሌ አንዲት አረንጓዴ በቀቀን ዓሣና በላስቲክ የሚተኮስ፣ ድንጋይ ላይ የተጣመመ ጦር ይዟል። ዓሣዋን ያየሁት ግን በኋላ ነው። መጀመሪያ ዓይኑን አየሁ። ነጭ ነው።

ባይ ማሳምባ ወረደ፣ ወገቡን አቃና፣ ከዚያ የጀልባውን እርጥብ ገመድ ማጋት ደረት ላይ ወረወረው።

«ጠቅልለው።»

የጀልባ ገመድ እንግዳ አይጠቀልልም። ማጋት ይህን ስለሚያውቅ ገመዱን አቅፎ ጥቂት ቆመ፣ ከዚያ መጠቅለል ጀመረ።

«ጮፉን ሳተው» አለኝ ሽማግሌው። «ግን ትንፋሽ እያለው ወጣ። መተኮስ ይለመዳል።» ወደ ባራ ዞረ። «አንተ ጆፕ፣ ሁለተኛ ሰው እንደዚያ እንዳታናግር። እኔ ራሴ ከጀልባው ልወርድ ነበር።»

ባራ ተነሥቶ ዓሣዋን በጣቱ ገልበጥ አደረጋት። «ቀኑን ሙሉ ስታሳድድ የዋልከው ይቺን ነው? ወይስ አዝናልህ ነው የመጣችው፣ አንተ አሽከር?»

የባሌ ትከሻ ወረደ። ከጠዋት ጀምሮ ተሸክሞት የዋለውን አሁን አስቀመጠው።

«አንተ ሩዝ ለቅላቂ» አለው፣ «ጭንቅላቷን መላስ ከፈለግህ ለእራት ና።»

መጣም። ጭንቅላቷንም በላ፣ ሩዙንም በላ።

ሦስቱ እርሳሶች አሁን ባራ በር ላይ በክር ተንጠልጥለዋል። ምንድን ነው ለሚለው ሁሉ «የንጃይ አእምሮ ነው፤ ሲጠልቅ ስለሚከብደው እኔ ጋ አስቀምጦ ነው የሚሄደው» ይላል። ማጋት በዚያ ባለፈ ቁጥር በጣቱ ያወዛውዛቸዋል።

እኔ ግን ልማድ ለወጥኩ። ባራ ሲሰድበው ቶሎ አልስቅም። ትናንት «የጦርህ ላስቲክ እንደ አያትህ አንገት ተሸብሽቧል» አለው። ማጋት ስቆ አለፈ። ቤት ስንገባ ጦሩን ከግድግዳው አወረድኩና ላስቲኩን በሁለት እጄ ሳብ አደረግሁት። ተሰነጣጥቋል።