በየማለዳው መርዶ

«ድንኳን ሊተክሉ ግቢያችንን ለምነውን ነው? ጥሩ አደረጉ። ለመሆኑ ማን ሞቶ ነው?»

የኔነሽ ይህን የጠየቀችው ለገዛ ባሏ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ቆማ ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ወደ አንዷ የእድር ሴት ጎንበስ ብላ፣ የጎረቤት ለቅሶ እንደምትደርስ ጨዋ ሴት ነበር የጠየቀችው። ሴትዮዋ ንፍሮ የያዘ እጇ አፏ ጋ ሳይደርስ ቀረ። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

ባሏ አቶ ኃይለመለኮት ማክሰኞ ማታ ሆስፒታል ውስጥ ልቡ ቆሞ፣ ረቡዕ ተቀበረ። መርዶውንም ረቡዕ ማለዳ በወጉ ነግረዋታል። የሟች ታናሽ ወንድም ጋሽ ሣህሉ ሽማግሌዎች አስከትሎ ገባ፣ ከአልጋዋ አስነሣት፣ አረዳት። ጮኸች፣ ደረቷን ደቃች፣ መሬት ላይ ወደቀች። ከቀብር መልስ ግን ግማሽ ሰዓት ጋደም ብላ ስትነሣ ከዚያ ሁሉ ምንም አላስታወሰችም። ከስምንት ዓመት በፊት አንጎሏን ኢንፌክሽን አጥቅቷት ከዳነች ወዲህ እንዲህ ናት። የልጅነቷን፣ የሠርጓን፣ የዝናሽን መወለድ አንድ በአንድ ታወራለች፤ አዲስ ነገር ግን ሐሳቧ ወደ ሌላ ዞር እስኪል ድረስ ብቻ ነው አብሯት የሚቆየው።

ልጇ ዝናሽ ከጓዳ ሮጣ ስትደርስ ጋሽ ሣህሉ ቀድሟት ተነሥቶ ነበር። ከአዳማ የመጣ፣ ወግ የሚያጠብቅ ሰው ነው።

«እትዬ፣ ትናንት ነግረንሽ ነበር እኮ» አላት። «ወንድሜ ነው የሞተው። ኃይሌ ነው።»

ጩኸቷ የትናንቱ ቅጂ አልነበረም፤ አዲስ ነበር። ዝናሽን አንጀቷን የበላትም ይኸው ነው። ሌላው ሐዘንተኛ በሁለተኛው ቀን ድምፁ ይዘጋል፣ እንባው ይደርቃል፣ ሰው ሲመጣ ብቻ ይቀሰቀስበታል። እናቷ ግን በተነገራት ቁጥር ባሏ አሁን፣ በዚያች ደቂቃ ይሞትባታል።

እስከ ሠልስቱ ድረስ አምስት ጊዜ ሞተባት። በአምስተኛው ጋሽ ሣህሉ ከመኝታ ቤቷ ወጣና ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ።

«አምስት ጊዜ ገደልኩባት ዝናሽ። ስድስተኛው ከእኔ አፍ አይወጣም።»

«ታዲያ ምን እናድርግ ጋሼ?»

«እንደብቃት። የውሃ ፓምፕ ሊጠግን ከከተማ ወጥቶ ሁርሶ ሄዷል እንበላት። የአሥራ ሁለተኛው ቀን መታሰቢያ ሲወጣ ከእኔ ጋር አዳማ እወስዳታለሁ። እዚያ ለቅሶ ብሎ የሚመጣ የለም። ባልሽ ሥራ ላይ ነው እያልናት በሰላም ትኖራለች።»

ዝናሽ እሺ አለች። ደክሟት ነበር። ደግሞም እውነቱን ለመናገር እሷም ከዚህ በፊት ስትመኘው የኖረችው ይህንኑ መደበቁን ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ የራሱ ደንብ ወጣለት። ለቅሶ የመጣች ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ነው የምትቀመጠው። ወደ የኔነሽ የምትገባ ግን በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን መልሳ ታስተካክላለች፣ ፊቷን ትጠርጋለች፣ ገብታ ስለ ሙቀቱና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታወራለች፣ ስትወጣ እንደገና ትዘቀዝቃለች። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ስትወጣ በሩ ልብስ የሚለካበት ሱቅ መሰለ። የዝናሽ አባት ይህን ቢያይ ኖሮ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

«ኃይሌስ?» ትላለች የኔነሽ።

«ሁርሶ ሄዷል፣ ፓምፕ ተበላሽቶ።»

«በዚህ ሙቀት? ምሳ ሳይቋጥር?»

ታምናለች። ምሳዋን ግን አትበላም። ደረቷን በእጇ ይዛ ክፍሉ ውስጥ ትንጎራደዳለች፤ ድንገት ቆም ትልና እንባዋ ይወርዳል፣ በገዛ እንባዋም ትደነግጣለች።

«ዝኑ፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ» አለች በአራተኛው ቀን። «ከባድ ነገር። የረሳሁት አለ እንዴ? የበደልኩት ሰው አለ?»

«የለም እማዬ።»

እናቷ ፊቷን አተኩራ አየችው። «ታዲያ አንቺ ለምንድን ነው እንዲህ የምታዪኝ?»

ዝናሽ ሳህን አንሥታ ወጣች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የእድር ሴቶች ከጓሮ ውሃ ሊቀዱ ፈለጉና በሩን መክፈት አቃታቸው። የጓሮውን በር መቀርቀሪያ አቶ ኃይለመለኮት ራሱ ነው የሠራው። ሠላሳ ዓመት በባቡሩ ወርክሾፕ ብረት ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነበር፤ የሠራውም መቀርቀሪያ በየትኛውም ሱቅ የማይገኝ ዓይነት ነው። አንዷ ጎተተችው፣ አንዷ በመዳፏ መታችው። ዝናሽ ልትረዳቸው ስትነሣ የኔነሽ ከኋላ መጣች።

«ዞር በሉ እስቲ።»

ዓይኗን ወደ ሴቶቹ እንዳደረገች መቀርቀሪያውን ወደ ላይ አነሣችው፣ ወደ ውስጥ ገፋችው፣ ወደ ግራ አዞረችው። በሩ ተከፈተ። ከዚያ እጇ ውስጥ ያለውን ብረት ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይሄን ደግሞ ማን ገጠመው? አይቼው አላውቅም» አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። ዝናሽ ግን የበሩን ጀርባ ነበር የምታየው። የአባቷ የጠመኔ ምልክት ገና አልጠፋም። ሃያ ሦስት ጭረት።

ከስምንት ዓመት በፊት ሐኪሙ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ጭንቅላት ስሎላቸው ነበር። «ጠለቅ ብላ ያለች ትንሽ ቦታ ናት» አላቸው በእስክሪብቶው እየነካ። «ዛሬ ያየነውን ተቀብላ ለነገ የምታኖርልን እሷ ናት። ኢንፌክሽኑ እሷን ነው የጎዳት። የድሮው ትዝታ ሌላ ቦታ ስለተቀመጠ አልተነካም።» ዝናሽ አለቀሰች። አባቷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«እጅስ ዶክተር? እጅ የሚማረውም በዚያችው ነው?»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየው። «አይደለም። የእጅ ልማድ በሌላ መንገድ ነው የሚገባው። ቀስ ይላል፣ መደጋገም ይፈልጋል። ከተማረችም በኋላ መማሯን ላታውቀው ትችላለች።»

አባቷ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። በሳምንቱ ያን መቀርቀሪያ ሠራ። በየቀኑ እጇን በእጁ ይዞ ያስከፍታታል፤ በየቀኑ እንደ አዲስ «ይሄ ምንድን ነው?» ትለዋለች። ሲጨርሱ አንድ ጭረት ያሰምራል። ወርክሾፕ የሚመጡ ጀማሪዎችንም እንዲሁ ነበር ያስተማረው፤ ማስረዳት አይወድም፣ እጃቸውን ይዞ ያሠራቸዋል። በሃያ ሦስተኛው ቀን ብቻዋን ከፈተችው። ያን ቀን ጠመኔውን ከእጁ ሳይታጠብ በባጃጅ ሳቢያን ሰፈር ዝናሽ ቤት ድረስ መጣ።

«እናትሽ ተማረች!» አላት፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ።

«በር ከፈተች ብለህ ነው አባዬ?» አለችው እሷ። ልብስ እያጠበች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችው።

ከዚያ የባሰም አለ። ከሦስት ዓመት በፊት የእናቷ ታላቅ እህት ጥሩወርቅ ስትሞት አባቷ አልደብቅም አለ። በየማለዳው ይነግራታል፣ በየማለዳው ታለቅሳለች። ዝናሽ «አንተ ጨካኝ ነህ! ብትተዋት ምን ይጎድልብሃል?» ብላው አራት ወር እዚህ ቤት ዝር አላለችም። በኋላ ለበዓል ብላ መጣች፣ አብረው በሉ፣ ነገሩን ማንም አላነሣውም። ይቅርታ ሳትለው ነው የሞተው።

በአምስተኛው ቀን ናሲሞ ሻይ በፔርሙዝ ይዛ መጣች። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት፣ ሃያ ዓመት የተጎራበተቻቸው የሶማሌ ሴት ናት። «ሳምር ኢዮ ኢማን» አለች፤ ትዕግሥትና እምነት ይስጣችሁ ማለቷ ነው። ከዚያ ዝናሽን ጎትታ ጓሮ ያለው የኒም ዛፍ ሥር አስቀመጠቻት።

«እኔ ወላሂ መዋሸት አልችልም። ትናንት "ኃይሌስ?" አለችኝ፣ ሁርሶ አልኳት። ዓይኔን አይታ አለቀሰች። ገብቷት አይደለም፤ እንዲሁ አለቀሰች።»

«ምን ላድርግ ናሲሞ? ብነግራት እንደ አዲስ ነው የሚገድላት።»

«አባትሽ ያለኝን ልንገርሽ። አንቺ ያኮረፍሽው ጊዜ ሱቄ በር ላይ ቁጭ ብሎ ነው። "ነገሩን ትረሳዋለች ናሲሞ፤ ሐዘኑ ግን ከውስጧ አይወጣም። ከዋሸኋት ምክንያቱን የማታውቀው ሐዘን ተሸክማ ትዞራለች። እንደዚያ ብቻዋን አልተዋትም" አለኝ።» ሻዩን ቀዳችላት። «አሁን አቦ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ ስለ ጥሩወርቅ ትጠይቅሻለች?»

ዝናሽ ወደ ኋላ አሰበች። ድሮ እናቷ «ጥሩዬ አልደወለችም?» ሳትል አትውልም ነበር። መቼ እንደተወችው አላስተዋለችም። ሁለት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። የአባቷ መደጋገም እንደ መቀርቀሪያው ለእናቷ ሳታውቀው ገብቶላት ነበር።

ሻዩ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ጨካኝ ያለችው ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ በየማለዳው ከሚስቱ ጋር ሲያለቅስ እሷ ሳቢያን ተቀምጣ ትፈርድበት ነበር። አባቷን ያን ያህል ቀን ብቻውን ነው የተወችው።

በቀን ሦስት ጊዜ ልነግራት ነው ስትለው ጋሽ ሣህሉ ተቆጣ። «እኔ ያየሁትን አይተሻል? ባሏን በቀን ሦስት ጊዜ ልትገድይባት ነው?»

«ጋሼ፣ ሐዘኑ እኮ አልወጣላትም። ስሙን ነው የደበቅንባት።»

«እስከ አሥራ ሁለቱ እታገሣለሁ» አለ። «ከዚያ ይዣት እሄዳለሁ። ይቺ ሴት ስትሠቃይ ቆሜ አላይም።»

በማግስቱ ማለዳ ዝናሽ ከእናቷ በስተግራ አልጋው ላይ ተቀመጠች። አስቀድማ እጇን ያዘችና ከራስጌ በተሰቀለው የአባቷ ኮፍያ ላይ አኖረችው።

«እማዬ፣ አባዬ ሞቷል። ልቡ ነው፣ አልተሠቃየም። ቀብረነዋል። አንቺም አልቅሰሽለታል።»

ጩኸቱ መጣ። ዝናሽ አልሸሸችም፤ አብራት አለቀሰች። ሲበርድላት የእናቷን ሁለት እጆች በእጆቿ ይዛ ነጠላዋን አስነሣቻት፣ ገለበጡት፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አደረጉት።

«አልቅሼለታለሁ?» አለች የኔነሽ።

«አዎ እማዬ። የሚገባውን ያህል።»

ቀትር ላይ ደገመችው፤ ማምሻውንም። በማግስቱም እንዲሁ፣ ያው ቦታ፣ ያው ኮፍያ፣ ያው ቃል። አንዲት ቃል አልቀየረችም። የጠመኔ ጭረት ግን አላሰመረችም፤ ድፍረቱ አልነበራትም። በስምንተኛው ቀን ጩኸቱ ያው ነበር። በዘጠነኛውም ያው ነበር። በአሥረኛው ዝናሽ ጓዳ ገብታ አባቷን ጮክ ብላ «እንዴት ቻልከው?» አለችው። ሴቶቹ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። እናቷ ግን ምሳዋን በላች፤ ይህን ያስተዋለችው ናሲሞ ናት።

አሥራ ሁለቱ ደረሰ። ጋሽ ሣህሉ የየኔነሽን ሻንጣ አዘጋጅቶ ኮሪደሩ ላይ አቁሞታል። ዝናሽ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን ስታሰናዳ ረፍዶባት፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እንደነገሩ ጣል አድርጋ ወደ እናቷ ክፍል ገባች። አልጋው ባዶ ነበር። ኮፍያው ከተሰቀለበት የለም።

የጓሮው በር ተከፍቷል። ጋሽ ሣህሉ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውጭ ያያል፤ ስትመጣ ሰምቶ በእጁ ዝም በይ አላት።

የኔነሽ ኒሙ ሥር ተቀምጣለች። ኮፍያው ጭኗ ላይ ነው። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋዋለች። እጇን ይዞ ያለበሳት ሰው አልነበረም።

ዝናሽ ፊቷ ተንበረከከች። «እማዬ፣ አባዬ...»

«ቆይ» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «ስነቃ ኃይሌ ብዬ ልጣራ ነበር። አፌ ላይ ሲደርስ ተውኩት። ለምን እንደተውኩት አላውቅም።» ኮፍያውን በጣቷ ዳበሰችው። «አልቅሼለታለሁ አይደል?»

ዝናሽ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ጋሽ ሣህሉ ከበሩ ላይ ዞረ፤ ሻንጣውን አንሥቶ ወደ መኝታ ቤቱ ሲመልሰው ኮቴው ተሰማ።

የኔነሽ ልጇን አየቻት። ከዚያ ዓይኗ ወደ ትከሻዋ ወረደ።

«እንዲህ አይደለም ልጄ» አለች። የዝናሽን ነጠላ ከትከሻዋ ላይ አንሥታ ገለበጠችው፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ አለበሰቻት።